ባለቤቱ ይሳብ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሣር ማጨጃ ማሽን መጠገን ነበር። አረጀ፤ ማርጀቱንም ከሰው ደበቀ።

ጠጋ በል ይልቃል። እዚያ በሩ ጋ ተቀምጠህ ራስህን ብትነቀንቅልኝ አልቀበልህም፤ ሳትሰማ እንደምትነቀንቅ አሁን በራስህ አፍ ነግረኸኛል። «እማሆይ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ለሰው ግን አልተናገርኩም። የእድር ዳኛ ሆኜ ደንቆሮ ልባል? ጉድለቴን ለራሴ ብይዘው ማንን ጎዳሁ? ኃጢአትስ ነው ወይ?» አልከኝ። መልካም። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ተወው፤ እኔ መነኩሲት ነኝ፣ አላስር አልፈታ። ማንን ጎዳሁ ለሚለው ግን ይኼ ሰውዬ ይመልስልሃል። ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

ሰውዬው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነበር። ሐይቅ ባለበት ሆቴል አለ፤ ሆቴል ባለበት የተከረከመ ሣር አለ፤ ሣሩን የሚያጭደው ማሽን ደግሞ ይበላሻል። ድንጋይ ይነክሳል፣ ቤንዚኑ ይቆሽሻል፣ ምላጩ ይዶለዱማል። የሆቴሉ አትክልተኛም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም፣ ግቢው ሰፋ ያለ ባለጠጋም፣ ማሽኑን እየገፋ ወይም በጋሪ እያስጫነ ወደዚህ ሰው ይመጣል። ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዝ አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ቁልፎች፤ ይኸው ነው ጋራዡ።

እጁ የተባረከ ነበር። ድሮ አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ክፉ ነገር እንደሌለበት ጌታው እንዲያምነው። ይህም ሰው እንደዚያው ነበር። ይህ ማሽን እንደ መኪና በቁልፍ አይነሣም፤ ገመድ አለው፣ ገመዱን በኃይል መሳብ ነው። ሰውዬው የጠገነውን ማሽን በባለቤቱ ፊት መሬት ላይ ያኖርና በአንድ እጁ ደገፍ አድርጎ በሌላው አንድ ጊዜ ሳብ ያደርገዋል። ድርርር ይላል። «ይኸው ማሽንህ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። እርሱ ራሱ ሲያስነሣው ያየ ሰው ለምን ይጠራጠራል?

እንግዲህ እርጅና ብቻውን አይመጣም ይባል የለ? መጀመሪያ ዓይኑን ያዘው። መነጽር ገዛ፤ መነጽር ምን አለበት፣ እንዲያውም የተማረ ያስመስላል። ቀጥሎ ጉልበቱ መጣ። ተንበርክኮ መሥራት ሲያቅተው ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ እያስወጣ ይፈታ ጀመር፤ ይህን ሲያዩ «ዘመናዊ ሆነ» አሉት። ከዚያ ጣቶቹ ደነዘዙ። የካርቡራተሯን ትንሽ ሞላ ሲይዛት ትወድቅበታለች፤ ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ነጭ አንሶላ አነጠፈ፣ ስትወድቅ እንድትታየው። ለሁሉም መላ አገኘ። መላ ማግኘት ነውር አይደለም፤ እኔም ለመቋሚያዬ ጫፍ ጎማ አስገጥሜለታለሁ፣ ድንጋይ ላይ እንዳይጥለኝ።

በመጨረሻ የትከሻው ተራ ደረሰ። ቀኝ ትከሻው ተያዘ። ቁልፍ ማዞር ይችላል፣ ምላጭ መሳል ይችላል፤ ገመዱን መሳብ ግን አልቻለም። ገና ሳብ ሲያደርገው ከአንገቱ ሥር የሚወጋው ነገር ትንፋሹን ይቆርጠዋል። ሚስቱ በቅባት እያሸችው፣ «ለምን ለሰዎቹ አትነግራቸውም? ክንዴን አሞኛል፣ እናንተ ሳቡት ማለት ምን ይከብዳል?» ትለዋለች።

«ገመድ መሳብ ያቃተው መካኒክ ሊሉኝ?»

«ይበሉህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ጀርባውን ይሰጣታል። እልኸኛ ነበር፤ ወንድ ሲያረጅ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ።

ምን አደረገ መሰለህ? አንድ ቀን አንድ አትክልተኛ የተጠገነ ማሽኑን ሊወስድ መጣ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ገመዱን ያዘ፤ ሳበ፤ ክንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ማሽኑ ፍርር ብሎ ዝም አለ። አትክልተኛው ያየዋል። ላብ አጠመቀው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። «ና፣ አንተ ሳበው። ማሽን የባለቤቱን እጅ ማወቅ አለበት» አለ። አትክልተኛው ሳበው፤ ተነሣ። ጎልማሳ ነው፣ ለምን አይነሣ! እርሱ ግን «እውነትም!» እያለ ሄደ፤ ላገኘው ሁሉ አወራ።

ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። «የዚያ ሽማግሌ ቤት ሥርዓት አለው፤ ባለቤቱ ያላስነሣው ማሽን ከደጁ አይወጣም» ተባለ። «ባለቤቱ ካስነሣው ቶሎ አይበላሽም» የሚል ተጨመረበት፤ ማን እንደጨመረው አይታወቅም። ሰውዬው አልካደም። እንዲያውም «ባለቤቱ ይሳብ» ብሎ ሰሌዳ አስጻፈና በሩ ላይ ሰቀለ። የክንዱ ሕመም እንዲህ አድርጎ ሕግ ሆነልህ። ሲያፍርበት የኖረውን ይከበርበት ጀመር። ይኼ ደግሞ ይጣፍጣል፣ አንተም ሳትቀምሰው አልቀረህም። ራስህን አትነቅንቅ አልኩህ፤ ገና አልጨረስኩም።

በዚያችው ከተማ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሰው ግቢ ሣር እያጨደ ነበር የሚያኖራት፤ ሲሞት የተወላት ማሽኑን ብቻ ነው። ምን ታድርግ? ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ማሽኑን እየገፋች የባሏን ደንበኞች ያዘች። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፣ በኋላ ለመዷት። እንደዚህ ስትኖር ሆዷን ታመመችና ኦፕራሲዮን ሆነች። ገና ቁስሉ ሳይጠግግ ክረምት ገባ። ሣር ደግሞ የታመመ አይጠብቅም። ደንበኞቿ «ካልቻልሽ ሌላ ሰው እናስገባለን» እያሉ ላኩባት። እነዚያን ግቢዎች ካጣች እንጀራዋን ማጣቷ ነው። ማሽኑም ተበላሽቶ ስለነበር ሰው ልካ ወደ ሰውዬው ጋራዥ አስገባችው።

ሴትየዋ ነገሩን አስባበታለች። ለእኅቷ፣ «በየግቢው ዘበኛ አለ፤ ገመዱን ሳቡልኝ እላቸዋለሁ፣ እኔ ቀስ እያልኩ እገፋለሁ» ብላታለች። አየህ፣ ሳቡልኝ ማለት አላሳፈራትም።

ማሽኑ ደርሷል ሲሏት ልትወስድ መጣች። በዚያ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፣ ተራውን የሚጠብቅ። ሁለተኛው የአንድ ትልቅ ሆቴል የግቢ ኃላፊ ነው፤ ማሽኖቹን ለዚህ ሰው ይስጥ አይስጥ እንደሆነ ሊያይ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው። ሰሌዳውን አንብቦ፣ «አባባ፣ ግን የጠገነ ሰው አይደል የሚሞክረው? ለምን እርስዎ አያስነሡትም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሰውዬው ደነገጠ። «የቤቱ ሥርዓት ነው» አለ። ኃላፊው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ሽማግሌውን ከነከነችው።

ሴትየዋ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ማሽኑን ከጠረጴዛው አወረዱላት። «በይ ሳቢው» አላት ሰውዬው።

«አባባ፣ ታምሜ ነበር። እባክዎ እርስዎ ይሳቡልኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። የት እንደታመመች ወንዶች ፊት መናገር አፍራ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች።

ዘበኛው ደግ ሰው ነበር። «ችግር የለም፣ እኔ ልሳብላት» ብሎ ከተቀመጠበት ተነሣ።

እዚህ ላይ አስተውል፣ ልጄ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዘበኛው ይስባል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ ሴትየዋ መርቃ ትሄዳለች። ሽማግሌው ግን የሆቴሉን ኃላፊ አየው። ዛሬ ሥርዓቱ ለዚህች ሴት ከፈረሰ ነገ «እንግዲያው አንተው ሳበው» ይሉኛል ብሎ ፈራ። እጁን ዘርግቶ ዘበኛውን ከለከለው።

«የለም፣ ባለቤቷ ትሳብ። ገመድ መሳብ ያቃተው ሰው ማሽን ምን ያደርግለታል?» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያቺ ቃል ለራሱ እንደምትመለስ እርሱም ሲናገራት አውቋል፤ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ቃሉን ግን አልመለሰም። ሰው ፊት የወጣ ቃል መመለስ ሌላ እፍረት ሆነበት፤ አንዷን እፍረት ሊሸሽ የባሰችው ውስጥ ገባ።

ሴትየዋ አየችው። ሽማግሌ ነው፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ምክንያት ቢኖረው ነው አለች በልቧ። ጎንበስ ብላ ገመዱን ያዘች፤ ሳበች። አልተነሣም። ጥርሷን ነክሳ ደግማ ሳበች። ተነሣ። እንዴት ያለ ንጹሕ ድምፅ ነበረው መሰለህ፤ ሥራውስ ሥራ ነበር! እሷ ግን ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ተነሣ አይደል?» አለች። ከዚያ በቀሚሷ ላይ ደም ታየ።

ዘበኛው ዘሎ ማሽኑን አጠፋ። ኃላፊው ባጃጅ ሊጠራ እየሮጠ ወጣ። በተተኮሰው ሸሚዙ ደግፎ ካሳፈሯት አንዱ እርሱ ነበር። ሽማግሌው ልደግፋት ብሎ ቀኝ እጁን ቢዘረጋ እጁ ከወገቡ በላይ አልወጣ አለው። ባጃጇ ስትሄድ ቆሞ ቀረ።

መቼም አልሞተችም፣ አትደንግጥ። ስፌቱ ነው የተፈታው፤ እንደገና ሰፏት። ግን ክረምቱን ሙሉ ተኛች። ደንበኞቿን ሌላ ሰው ወሰዳቸው፤ የባሏ ድካም፣ የእሷም ድካም፣ በአንድ ክረምት ሄደ።

ሽማግሌው እህል አልወርድለት አለ። ጋራዡን ይከፍታል፣ ተቀምጦ ይውላል፣ ይዘጋል። ሚስቱ አይታ አይታ አንድ ቀን ብርቱካን ገዛችና፣ «ተነሥ፣ ሄደን እንጠይቃት» አለችው። «በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?» አለ። «ባለህ ዓይን» አለችው። ጎትታ ወሰደችው ማለት ይቀላል።

ሴትየዋ ሲገቡ ስታይ ከተኛችበት ልትነሣ ሞከረች። «ኧረ በሞቴ፣ አትነሺ!» አለች ሚስትየዋ። ተቀመጡ፤ እኅቷ ውኃ አቀረበችላቸው። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ሴትየዋ ቀደመችው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የቤትዎን ሥርዓት ሰምቼ ነበር፤ በሕመም ልቤ ደክሞ ነው የረሳሁት። ሰው ፊት ከሥርዓትዎ ጋር አጋፈጥኩዎት፤ ደጅዎንም በደም አቆሸሽኩት።»

ሰማህ ይልቃል? የተጎዳችው እሷ፣ ይቅርታ የምትለምነው እሷ። እርሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱ ታየዋለች። እሷ ሁሉን ታውቃለች፤ ብትናገርለት ይቀለው ነበር፤ እሷ ግን አልተናገረችለትም፣ ጎበዝ ሴት ናት።

«ሥርዓት የለም» አለ በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ሥርዓት የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ክንዴ ነው። ገመድ መሳብ ካቃተኝ ቆየሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ነው ያን ሁሉ ያወራሁት።»

ሴትየዋ ዓይኗን ጣራው ላይ ተከለች።

«ያ ዘበኛ እኮ ልሳብላት ብሎ ነበር» አለች።

«ብሎ ነበር።»

«ከለከሉት።»

«ከለከልኩት።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅር አለችው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ታሪኩን የነገሩኝ ሰዎች ይቅር አለችው አላሉኝም፤ እኔም ከኪሴ አልጨምርም። ማሽኗን እንደ አዲስ አሰማምሮ ላከላት፤ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሲበላሽባት ወደ ሌላ ጋራዥ ነው የምትልከው።

ሰውዬው ሰሌዳውን አወረደው። ዘበኛው የትምህርት ቤቱን ማሽን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሽማግሌው፣ «ወንድሜ፣ ክንዴ አይስብም። አርጅቻለሁ። አንተ ሳብልኝ» አለው።

ዘበኛው ምን አለ መሰለህ? «እሺ አባባ» አለ። ሳበው፤ ተነሣ። «ዘይቱን ቀይረውታል?» ብሎ ጠየቀና እየገፋ ሄደ። ይኸው ነው! አልሳቀም፣ አልተገረመም፣ ዞሮም አላየውም። ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቢስቅበት በተሻለው ነበር፤ ቢያንስ የፈራው ነገር እውነት በሆነለት። «እሺ አባባ የምትለውን ቃል ፈርቼ ነው ያቺን ሴት እንደዚያ ያደረግኋት?» ይል ነበር። ሚስቱ ልታጽናናው ብትሞክር አልተጽናናም። እስከ ዕለተ ሞቱ ሥራውን ሠራ፤ ሰዎቹም ገመዱን እየሳቡ ወሰዱ፤ የዚያች ሴት ነገር ግን ከልቡ አልወጣለትም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ማርጀት ነውር አይደለም። ክንድ ይደክማል፣ ጆሮ ይደክማል፣ የሠራቸው ጌታ ያውቃቸዋል። የዚያ ሰው ጥፋት መታመሙ አይደለም። ዝም ብሎ ቢደብቀው እንኳ ጉዳቱ ለራሱ በሆነ ነበር። እርሱ ግን የገዛ ሕመሙን በሰው ላይ ሕግ አደረገው። እንዲህ ያለ ሕግ ጠንካራውን አይነካውም፤ አትክልተኛው እየሳቀ ይስበዋል። የሚወድቀው በደካማው ላይ ነው፣ ሕጉን ያወጣውን ሰው በሚመስለው ላይ።

አንተስ? ጆሮህ ከደከመ ወዲህ እድራችን ላይ ምን አወጣህ? «አስተያየት ያለው አስቀድሞ ለጸሐፊው ይንገር፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገር የለም» አልክ። «ስብሰባው ሥርዓት ያዘ፣ ቶሎም ያልቃል» ብለው አጨበጨቡልህ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ ምክንያቱን መች አወቅሁ።

ባለፈው እሁድ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተከራይታ የምትኖረው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ያቺ ድምፀ ቀጭኗ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየህ፤ አልሰማሃትም። እጅህን አውለበለብክና «ሥርዓት ይከበር!» አልክ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አፍራ ተቀመጠች፤ ሳይበተን ወጥታ ሄደች።

ትናንት ቧንቧው ጋ ውኃ ስትቀዳ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት፣ እናቷ አገር ቤት ሞታ ነው። መርዶው የመጣላት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ለማን ትንገር፣ ጸሐፊው ከከተማ ወጥቷል። እሁድ የተነሣችው «እናቴ ሞታብኛለች፣ አስተዛዝኑኝ» ልትል ነበር። አልተባለላትም። ጡሩምባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ አንድ ሰው ደጇን አልረገጠ። እድር እያላት እናቷን ብቻዋን አለቀሰች። «ዳኛው ሥርዓት አፈረስሽ ብለው ተቆጡኝ፤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ እማሆይ» ነው ያለችኝ።

ማንን ጎዳሁ አልከኝ?

አታልቅስብኝ። እንባህ ለእኔ አይደለም የሚገባው። ተነሥና ሂድ፤ በሯን አንኳኳ። የምትልህን ሁሉ ቁጭ ብለህ ስማት። እንደ ልማድህ ሳትሰማ እንዳትነቀንቅላት። ቃሏ ካልደረሰህ፣ «ጮክ በይልኝ እኅቴ፣ ጆሮዬ አይሰማም» በላት።